ካላዛር፦ በመተማ ቆላ ተይዞ በደጋ የሚገለጥ በሽታ

የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ገንዳ ውኃ፣ በሌላ ስሟ ሸሕዲ፣ ከደጋና ከወይና ደጋ ወረዳዎች ለሥራ የሚወርዱ ሰዎች በየዓመቱ የሚያልፉባት ከተማ ናት። ሰኔ ሲቃረብ ለምንጣሮና ለዘር፣ በክረምቱ ለአረም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከዚያም ለማሽላ ቆረጣና ለጥጥ ለቀማ ብዙ ሺህ የጉልበት ሠራተኞች ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ እርሻዎች ይሰማራሉ። የሰሊጥ ሥራ ቀጠሮ አይሰጥም፤ የደረሰ ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህም ሠራተኛው ከማሳው ሳይርቅ፣ ብዙ ጊዜም በዳስ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ያድራል።

አንዳንዱ ሠራተኛ የድካሙን ዋጋ ይዞ ወደ ቀዬው ሲመለስ ሳያውቀው ሌላ ነገርም ይዞ ይገባል። ሁለት፣ ሦስት ወይም ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ትኩሳት ይጀምረዋል፤ ሰውነቱ ይከሳል፤ ሆዱ በግራ በኩል ያብጣል። በሽታው የተያዘበት ቦታና የታየበት ቦታ የተራራቁ በመሆናቸው የወባ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት እየተሰጠው ጊዜ ይባክናል። ይህ በሽታ ካላዛር ይባላል። ሳይታከም የቀረ ካላዛር ከመቶ ታማሚዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ለሞት እንደሚዳርግ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። በጊዜ የተደረሰበት ታማሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ካላዛር ምንድን ነው?

ካላዛር ሌሽማኒያ በተባለ፣ በዓይን በማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው። ስሙ ከሕንድ የመጣ ሲሆን «ጥቁር በሽታ» እንደማለት ነው፤ በዚያ አገር የታማሚዎች ቆዳ ሲጠቁር በመታየቱ የተሰጠ ስም ነው። ተሕዋሱን የስኮትላንድ ተወላጁ ሐኪም ዊሊያም ሌሽማንና የአየርላንዱ ቻርልስ ዶኖቫን በ1903 እ.ኤ.አ. እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይፋ በማድረጋቸው በሁለቱ ስም «ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ» ተብሎ ተሰይሟል። በመተማ ቆላ የሚገኘውም ይኸው ዝርያ ነው።

ሌሽማኒያ ከአንድ በላይ መልክ አለው። በደጋማ አካባቢዎች «ቁንጭር» በመባል የሚታወቀው የፊትና የቆዳ ቁስል የሚመጣው የዚሁ ቤተሰብ አባል በሆነ ሌላ ዝርያ ሲሆን ቆዳን እንጂ የውስጥ አካልን አያጠቃም። የቁንጭር ተሕዋስ ዋነኛ መኖሪያው በገደላማ ቦታ የሚኖረው ሽኮኮ ነው። ካላዛር ግን ጣፊያን፣ ጉበትንና የአጥንት መቅኔን የሚያጠቃ የቆላ በሽታ ነው። ሁለቱን ማምታታት ለታማሚው አደገኛ ነው፤ ቁንጭር ጠባሳ ትቶ ሊድን ይችላል፤ ካላዛር ግን በራሱ አይድንም።

በኢትዮጵያ ካላዛር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1942 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኦሞ ቆላ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል በሽታው በስፋት የታወቀው ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ሲከፈቱና በተለይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከደጋ የመጡ ሠራተኞች በሁመራ አካባቢ ሲታመሙ ነበር። ዛሬ ከሁመራ እስከ መተማ የተዘረጋው ቆላ በአገሪቱ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው ታማሚዎች የሚገኙበት ቀጠና ነው። ከድንበሩ ማዶ ያለው የሱዳን ገዳሪፍ ግዛትም አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ደንና አንድ ዓይነት እርሻ ስላለው የዚሁ የበሽታ ቀጠና አካል ነው።

በሽታዎች በየትኛው መንገድ ይተላለፋሉ?

ተላላፊ በሽታ ሁሉ በአንድ መንገድ አይሄድም። መንገዱን ያላወቀ ሰው ከማያስፈራው ሲሸሽ ለሚያስፈራው ራሱን ያጋልጣል።

የመጀመሪያው መንገድ ውኃና ምግብ ነው። ኮሌራ በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ አማካይነት ወደ አፍ ይገባል። በ2015 ዓ.ም ክረምት በቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል አካባቢ የተከሰተው የኮሌራ ወረርሽኝ፣ ብዙ ሰው ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ባልተሟላበት ስፍራ ሲሰበሰብ ምን እንደሚከተል ያሳየ ነበር። ውኃን ማከም፣ እጅን በሳሙና መታጠብና መጸዳጃ ቤት መጠቀም ይህን መንገድ ይዘጋሉ።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። የሳንባ ነቀርሳና ኩፍኝ ከታመመው ሰው ሳልና ማስነጠስ በአየር ይተላለፋሉ። ሦስተኛው ደምና የግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ የሚሄዱበት መንገድ ነው። አራተኛው ደም መጣጭ ነፍሳት ናቸው። ወባን ሴቷ የወባ ትንኝ ታስተላልፋለች፤ ካላዛርን ደግሞ ሴቷ የአሸዋ ዝንብ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለታማሚው ቤተሰብ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ካላዛር ከታማሚው ጋር አብሮ በመብላት፣ በአንድ ዕቃ በመጠጣት፣ በመሳም፣ ልብሱን በማጠብ ወይም አጠገቡ በመተኛት አይተላለፍም። በተበከለ መርፌና ከእናት ወደ ጽንስ ሊተላለፍ ቢችልም ይህ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነው። ታማሚውን ማግለልም ሆነ ለብቻው ቤት ማስቀመጥ የሚከላከለው ነገር የለም፤ ሕክምናውን ከማዘግየት በቀር።

የአሸዋ ዝንቧና የምትወደው አፈር

የአሸዋ ዝንብ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ የምትረዝም፣ ከወባ ትንኝ በእጅጉ የምታንስ፣ ሰውነቷ በጸጉር የተሸፈነ፣ ፈዛዛ ቢጫ መልክ ያላት ፍጥረት ናት። ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ አንስታ እንደ ሹካ ትከፍታለች። ድምፅ የላትም፤ ስለዚህ የተኛ ሰው እንደ ትንኝ በጆሮው ላይ ስትጮኽ ሰምቶ አይነቃም። ጥሩ በራሪም አይደለችም፤ እየዘለለች ትሄዳለች፤ ነፋስ ሲበረታም ትደበቃለች። የምትነክሰው ከፀሐይ መግባት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያና በምሥራቅ ሱዳን ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ዝርያ ከሁለት ነገሮች ጋር የተቆራኘች ናት፤ አንደኛው ጥቁሩ የዋልካ አፈር፣ ሁለተኛው የግራርና የበደኖ ዛፍ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ጥልቅ ስንጥቆችን ይፈጥራል። የስንጥቆቹ ውስጥ ከላይኛው ሐሩር ይልቅ ቀዝቃዛና እርጥብ በመሆኑ ዝንቧ ቀኑን እዚያ ተሸሽጋ ትውላለች፤ በምሽት ትወጣለች። ኩይሳና የዛፍ ግንድ ፍንጣቂም መሸሸጊያዋ ናቸው። ቁጥሯ የሚበዛው በደረቁ ወራት መጨረሻ፣ በተለይም ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። ከባዱ ዝናብ ስንጥቆቹን ሲሞላ ቁጥሯ ይቀንሳል።

ከወባ ትንኝ የምትለይበት ሌላው ዋና ነገር መራቢያዋ ነው። የወባ ትንኝ በተጠራቀመ ውኃ ላይ ትራባለች፤ የአሸዋ ዝንብ ግን እንቁላሏን የምትጥለው የበሰበሰ ቅጠልና የእንስሳት ፍግ ባለበት እርጥበት ያዘለ አፈር ውስጥ ነው። ስለዚህ ኩሬ ማፋሰስና ውኃ ያቆረ ጉድጓድ መድፈን ወባን ለመከላከል እንጂ ካላዛርን ለመከላከል አይጠቅምም። ለሁለቱም በሽታዎች አንድ ዓይነት ዘመቻ በቂ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ተሕዋሱ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በዚህ ሁኔታ ነው፦ ዝንቧ የታመመ ሰው ደም ስትመጥ ተሕዋሱ ወደ ሆዷ ይገባል። እዚያም ቅርጹን ቀይሮ፣ ጅራት መሰል አካል አብቅሎ ይራባል። ከቀናት በኋላ ዝንቧ ሌላ ሰው ስትነክስ ተሕዋሱ በቆዳው ውስጥ ይረጫል። ሰውነትን ለመከላከል የተፈጠሩ የነጭ ደም ሕዋሶች ይውጡታል፤ እርሱ ግን በዋጡት ሕዋሶች ውስጥ ተቀምጦ ይባዛል። በመጨረሻም ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ደም ወደሚመረትበት የአጥንት መቅኔ ይደርሳል።

ማን ይበልጥ ይጋለጣል?

ተሕዋሱ የገባበት ሰው ሁሉ አይታመምም። ብዙዎች ተሕዋሱን ተሸክመው ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። በቀጠናው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ በመጋለጣቸው የመቋቋም አቅም የሚያዳብሩበት ዕድል አለ። ከደጋ የሚመጣው ሠራተኛ ግን በሽታውን ሰውነቱ ስለማያውቀው ለመታመም ቅርብ ነው።

በዚህ ላይ የሥራው ጠባይ ይጨመራል። ቀን በጠራራ ፀሐይ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ከዳሱ ሙቀት ሸሽቶ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ሜዳው ዋልካ ነው፤ ጥላው ግራር ነው። ሸሚዙን አውልቆ ይተኛል። ምግቡ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆን ለያዘው ከባድ ሥራም አይበቃም። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት ተሕዋሱን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች የሆኑት ወንድነታቸው በተፈጥሮ ለበሽታው ስላጋለጣቸው ብቻ ሳይሆን በማሳ የሚያድሩት እነርሱ በመሆናቸው ነው።

ሊቦ ከምከም ያስተማረው

ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ተብሎ ብቻ የሚታለፍ እንዳልሆነ የሊቦ ከምከም ወረዳ ታሪክ ያስረዳል። ይህ የደቡብ ጎንደር ወረዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን ካላዛር ይከሰትበታል ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ሰዎች በተራዘመ ትኩሳት ሲሞቱ ነገሩ መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደሆነ ተገምቶ ቆየ። በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም በተደረገ ምርመራ ግን በሽታው ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአካባቢው የሕክምና ማዕከል ከፍቶ ታማሚዎችን ማከም ጀመረ። ወረርሽኙ በዚያው ዓመት በ2005 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ወራት ጣሪያ ላይ ደርሶ ወደ ፎገራ ወረዳም ተዛመተ።

በማዕከሉ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የታከሙት ሰዎች መዝገብ ሲጠና የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ 18 ዓመት ነበር፤ ከመቶው 77.6 የሚሆኑት ወንዶች ነበሩ። ሕክምና ከጀመሩት መካከል የሞቱት ከመቶ 3.6 ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ሳይታከሙ ከሚቀሩት ሰዎች ዕጣ ጋር ያነጻጸረ ሰው ወደ ጤና ተቋም መድረስ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ ይረዳል። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን ከወጣቶቹ አምስት እጥፍ ያህል ለሞት የተጋለጡ ነበሩ።

በሽታው ወደ ሊቦ ከምከም የገባው ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ለሥራ ወርደው በተመለሱ ሰዎች አማካይነት እንደሆነ ይታመናል። ተሕዋሱን የያዘ ሰው ወደ ቀዬው ሲመለስ፣ በዚያ ተስማሚ የሆነች የአሸዋ ዝንብ ካገኘችው ሰንሰለቱ ይቀጥላል። በወረዳው የተደረገ ጥናት ከቤት ውጪ በግራር ሥር መተኛት ለበሽታው ከሚያጋልጡ ነገሮች መካከል አንዱ መሆኑን አመልክቷል። እንግዲህ በመተማ አንድን ሠራተኛ በጊዜ ማከም በሊቦ፣ በፎገራ፣ በደምቢያ ወይም በሌላ ወረዳ የሚኖሩ ቤተሰቦችን መጠበቅ ነው።

ምልክቶቹና ከወባ የሚለይበት

ከንክሻው እስከ ሕመሙ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ነው፤ ከዚያ ሊያጥርም ከዓመት ሊበልጥም ይችላል። ዋና ዋና ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ የሚመጣና የሚሄድ ትኩሳት፤
• የምግብ ፍላጎት መጥፋትና የሰውነት መክሳት፤
• በግራ የጎድን አጥንት ሥር በእጅ የሚዳሰስ የጣፊያ እብጠት፤
• የደም ማነስ፣ ድካምና የቆዳ መገርጣት፤
• ነስር ወይም የድድ መድማት፤
• በአንገትና በብሽሽት የሚታዩ እጢዎች።

ወባም ትኩሳት አለው፤ ጣፊያንም ያሳብጣል። ልዩነቱ በጊዜ ላይ ይታያል። የወባ ሕመም በድንገት ይጀምራል፤ ተገቢውን መድኃኒት የወሰደ ሰው በቀናት ውስጥ ይሻለዋል። የካላዛር ትኩሳት ግን ቀስ ብሎ ይገባል፤ ሳምንታትን ያስቆጥራል፤ በወባ መድኃኒት አይመለስም። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉም ወባ ተገኘ ማለት ካላዛር የለም ማለት አይደለም። የወባ መድኃኒቱን ጨርሶ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ተመልሶ መመርመር አለበት።

ታማሚውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ተሕዋሱ ብቻ አይደለም። መቅኔውና ጣፊያው ሲጎዱ ነጭ የደም ሕዋሶች ያንሳሉ፤ በዚህ ጊዜ የሳንባ ምች፣ ሳንባ ነቀርሳና ተቅማጥ በቀላሉ ያጠቁታል። ደም የማርጋት አቅሙ ስለሚቀንስም ትንሽ ቁስል ብዙ ያደማል።

ምርመራና ሕክምና

ለካላዛር ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ፈጣን ምርመራ ይደረጋል፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ይህ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ለተሕዋሱ የሰጠውን ምላሽ በመሆኑ ከዚህ ቀደም ታክሞ የዳነ ሰው እንደገና መታመም አለመታመሙን ለመለየት አያገለግልም። እንዲህ ባለ ጊዜና ውጤቱ በሚያጠራጥርበት ወቅት ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ተወስዶ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ይህ በሠለጠነ ባለሙያ በሆስፒታል ብቻ የሚከናወን ነው። የመተማ ሆስፒታልና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕክምናው ለዓመታት ሲሰጥባቸው ከቆዩ ተቋማት መካከል ናቸው።

በአገሪቱ ለአብዛኛው ታማሚ ሲሰጥ የቆየው ሕክምና የሁለት መድኃኒቶች መርፌ ለ17 ተከታታይ ቀናት ነው። ከዚህ በፊት አንዱ መድኃኒት ለብቻው ለ30 ቀናት ይሰጥ ነበር። የመርፌ ሕክምናው ጠንካራ ነው፤ በልብ፣ በጉበትና በቆሽት ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ታማሚው ተኝቶ በክትትል ይወስደዋል። ለነፍሰ ጡሮች፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች፣ በጣም ለተዳከሙና ኤችአይቪ ላለባቸው በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ። ይህ መድኃኒት ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት መቀመጥ ስላለበት በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ ማቀዝቀዣና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል።

17 ቀን በሆስፒታል መተኛት ለቀን ሠራተኛ ቀላል አይደለም። ደመወዙ ይቋረጣል፤ ምግብ የሚያመጣለት ዘመድ በአካባቢው የለም፤ ትንሽ ሲሻለው ወደ ማሳ መመለስ ያምረዋል። ሆኖም ትኩሳቱ የሚጠፋው ተሕዋሱ ከመጥፋቱ በፊት ነው። መርፌውን በመካከል ያቋረጠ ሰው በሽታው ያገረሽበታል፤ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው ይከብዳል።

በአንዳንድ አካባቢ ያበጠ ጣፊያን በጋለ ብረት ማስተኮስ ይዘወተራል። ይህ ሕመሙን አያድንም፤ ደሙ በቀላሉ በማይረጋ ሰው ላይ ቁስልና ኢንፌክሽን ይጨምራል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ከጸበሉ ጋር መድኃኒቱን አብሮ ይውሰድ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ካላዛርና ኤችአይቪ

የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ በዓለም ካላዛርና ኤችአይቪ በአንድ ሰው ላይ ተደርበው በብዛት ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ከቤተሰቡ ርቆ ለወራት የሚሠራ ወጣት፣ የድንበር ንግድና የመተላለፊያ ከተሞች ለኤችአይቪ መስፋፋት ምቹ ሁኔታ ፈጥረዋል።

ሁለቱ በሽታዎች አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። ኤችአይቪ የሰውነትን የመከላከል አቅም ሲያዳክም ለዓመታት ተኝቶ የቆየ የካላዛር ተሕዋስ ሊነሣ ይችላል፤ ካላዛርም የኤችአይቪን ጉዳት ያፋጥናል። እንዲህ ያሉ ታማሚዎች በሽታው ደጋግሞ ያገረሽባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ ታማሚዎች ያወጣው መመሪያ በደም ሥር የሚሰጠውንና በአፍ የሚዋጠውን መድኃኒት አጣምሮ መስጠትን ይመክራል። ይህ ምክር በኢትዮጵያ፣ በጎንደርና በአብደራፊ በተደረገ ጥናት ላይ ተመሥርቷል። በመሆኑም ካላዛር የተገኘበት ሰው ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ፣ ቫይረሱ ከተገኘበትም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድ ይኖርበታል።

ከዳኑ በኋላ

ከካላዛር የዳነ ሰው በወራት ውስጥ በፊቱ ላይ ጀምሮ ወደ ደረቱና ወደ ክንዱ የሚወርድ ነጠብጣብ ወይም እብጠት ሊያይ ይችላል። ይህ በሱዳን በብዛት፣ በኢትዮጵያ በመጠኑ የሚታይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ነገር ግን ቆዳው ውስጥ ተሕዋሱ ስላለ የነከሰችው ዝንብ ወደ ሌላ ሰው ልታዛምተው ትችላለች። ከሥጋ ደዌም ጋር ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን ያየ ሰው ወደ ታከመበት ተቋም መመለስ አለበት። ምልክት ባይኖርም ሕክምናው ካለቀ ከስድስት ወር በኋላ መታየት ያስፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ድኗል የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

እንዴት መከላከል ይቻላል?

ለካላዛር የሚሰጥ ክትባት እስካሁን የለም። መከላከል የሚቻለው ንክሻውን በማስቀረትና ታማሚውን በፍጥነት በማከም ነው።

ለሠራተኛው የመጀመሪያው ጥንቃቄ የመኝታው ቦታ ነው። ከግራር ሥር፣ ከኩይሳ አጠገብና ከተሰነጠቀ ዋልካ ላይ መተኛት አይገባም። መሬት ላይ ከመተኛት ይልቅ አልጋ ወይም ቆጥ ይሻላል። ከመሸ በኋላ እጅጌው ረዥም የሆነ ሸሚዝና ረዥም ሱሪ መልበስ ንክሻን ይቀንሳል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ወባንም ካላዛርንም ይከላከላል፤ የአሸዋ ዝንብ በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ የምትችል ትንሽ በመሆኗ ቀዳዳው የጠበበና መድኃኒቱ ያልለቀቀ አጎበር ይመረጣል። በሱዳን ገዳሪፍ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በስፋት የታደለው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር የታማሚዎችን ቁጥር ቀንሷል። አጎበር የሚጠብቀው ግን የተኛውን ሰው ነው፤ አምሽቶ እሳት ዳር የተቀመጠውን አይደለም።

ለእርሻ ባለቤቱ ደግሞ ወጪው ከጥቅሙ የሚያንስ ሥራ አለ። ለሠራተኞች ከደኑና ከስንጥቁ መሬት ራቅ ያለ፣ ወለሉ የተደለደለ ማደሪያ ማዘጋጀት፣ አጎበር ማቅረብ፣ በቂ ምግብ መስጠትና ትኩሳቱ የቆየበትን ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ምርቱንም ይጠብቃል። በአጨዳ መካከል የወደቀ ሠራተኛ ለራሱም ለማሳውም ኪሳራ ነው።

የከተማ ነዋሪው ከአደጋው ውጪ ነው ማለት አይቻልም። በግቢ ውስጥ የከብት ፍግንና የበሰበሰ ቅጠልን ማራቅ፣ የግድግዳ ስንጥቅን መለሰንና ውጪ የሚተኛ ሰው አጎበር እንዲጠቀም ማድረግ ይገባል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ባንግላዴሽ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያስወገደች የመጀመሪያዋ የዓለም አገር መሆኗ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። በዚያ አገር በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በሰው ቤትና በከብት በረት ዙሪያ የምትኖር በመሆኗ ቤቶችን በመድኃኒት መርጨት ውጤት አስገኝቷል። በመተማ ግን ዝንቧ የሜዳና የደን ናት፤ ቤት መርጨት ብቻውን በማሳ የሚያድረውን ሠራተኛ አይደርስለትም። ከባንግላዴሽ በቀጥታ ሊወሰድ የሚችለው ሌላው ነው፤ ይኸውም ታማሚን ፈልጎ ማግኘት፣ ቶሎ መመርመርና ሕክምናውን ማስጨረስ።

ምሥራቅ አፍሪካ ዛሬ ከዓለም የካላዛር ሸክም ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛል። የቀጣናው አገሮች በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ተሰብስበው በሽታውን ለማስወገድ ስምምነት ላይ ደርሰዋል። ድንበር ለሰው እንጂ ለዝንብ ወሰን አይደለም፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ በመተማ ዮሐንስ በኩል ብዙ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። ከአንዱ የበሽታ ቀጠና ወደ ሌላው የሚደረግ እንዲህ ያለ ጉዞ የጤና ተቋማትን ንቃት የሚጠይቅ ነው።

ለጤና ባለሙያው ምን ይነገር?

ከቆላ ተመልሶ የታመመ ሰው ለጤና ባለሙያው ሦስት ነገሮችን ቢነግር ምርመራውን ያፋጥናል፤ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የትና በየትኛው ወር እንደሠራ፣ የት እንደሚተኛ እንደነበረ፣ ትኩሳቱ ከጀመረ ስንት ሳምንት እንደሆነውና ምን መድኃኒት እንደወሰደ። በደጋ ወረዳዎች ያለ የጤና ባለሙያም በተራዘመ ትኩሳት የመጣን ወጣት «ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ወርደህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ አንድ ጥያቄ ወራት የሚፈጅን መንከራተት ወደ ቀናት ያሳጥራል።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ያለበት ማንኛውም ሰው፣ በተለይም ጣፊያው ያበጠ፣ የከሳ ወይም የሚነስረው ከሆነ፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዶ የካላዛር ምርመራ እንዲደረግለት መጠየቅ አለበት። የጤና ጣቢያው ምርመራውን የማያደርግ ከሆነም ወደ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት ማግኘት መብቱ ነው።